«አለ» ስለተባለ አንድ የእሳት እራት፦ ከግንፍሌ ዳር የተገኘ ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ የእማማ ቆስጣ በአንድ ሌሊት ወንፊት ሆኖ አደረ። ማታ ውኃ ሲያጠጡት ደህና ነበር። ጠዋት በሬን አንኳኩተው የዘረጉልኝ ቅጠል ግን ከአጥንቱ በቀር ምንም አልተረፈውም። «ልጄ፣ ሥራህ ቤትህ ድረስ መጣልህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ እንጀራዬ ሰብል የሚበሉ ነፍሳትን መለየት ነው። ሆኖም ከእኔ ቀድሞ የደረሰ መልስ ነበር። የግቢያችን አንድ ወጣት የቅጠሉን ፎቶግራፍ ለሚያውቀው ባለሙያ ልኮ «መጤ ተምች ነው፣ ቶሎ ይረጭ» ተብሏል። መርጫው እንኳ ከጎረቤት ተለምኖ በረንዳው ላይ ቆሟል።

የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ አገራችን መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲህ ቅጠል የበላ አባጨጓሬ ሁሉ በእርሱ ስም ይጠራል። በቆሎው የወደመበትን ገበሬ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን መጤው ተምች ምልክቱን ግንባሩ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው፤ «ሰ» ፊደልን የሚመስል ነጭ መስመር አለው። ወደ ጭራው ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ፎቶግራፉ ላይ የነበረው የተበላ ቅጠል እንጂ በላተኛው አልነበረም፤ ፍርዱ የተሰጠው ተከሳሹ በሌለበት ነው።

እማማ አንድ ቀን እንዲታገሡኝ ለምኜ በሻይ ማንኪያ የቆስጣውን ሥር መቆፈር ጀመርሁ። ይህ ወገን ቀን ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ሦስት ጣት ያህል ሳልወርድ አንዱ ተጠቅልሎ ወጣ። ፀጉር የለውም፤ ርዝመቱ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀለሙ ዝናብ የነካው ጭቃ ነው። በጀርባው ግራና ቀኝ በየአንጓው ጥቁር ግማሽ ጨረቃ ተደርድሮለታል፤ ከሆዱ የመጀመሪያው አንጓና ስምንተኛው ላይ ያሉት ጨረቃዎች ከሌሎቹ ይገዝፋሉ። ግንባሩ ላይ «ሰ» የለም። ዘጠኝ ለቀምሁና መርጫው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። እማማም ማታ ማታ በስልክ መብራት እየለቀሙ ለዶሮዎቻቸው መስጠት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መርዝ ያነሣ የለም።

ማር የነበረበት ጠርሙስ ውስጥ አፈር አልብሼ፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስሬ፣ ዘጠኙንም የእማማን ቆስጣ እየቀለብሁ አሳደግኋቸው። ኩሳቸው ጥቁር ጤፍ ይመስላል፤ በየጠዋቱ ካልተጠረገ ጠርሙሱ ይሻግታል። ሁለቱ ሞተው ከውስጣቸው ጥገኛ ዝንብ ወጣ። ሰባቱ አፈር ገብተው ሙሽሬ ሆኑ፤ አባጨጓሬው ክንፍ ከማብቀሉ በፊት በቅርፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ለጉዳዩ ቁልፍ የሆነ ነገር ታየ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሙሽሬው ከ11 እስከ 13 ቀን ባለው ጊዜ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። የእኔዎቹ ግን ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ ክፍል ወር ገደማ ፈጁ፤ የመጀመሪያዋ የወጣችው ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ነው። በዚያ ሰሞን ውጭ ያለው አፈር ሌሊት ሌሊት ከክፍሌ እጅግ ይቀዘቅዛል።

የወጣችው የእሳት እራት ዐይን አትስብም። ክንፏ ሲዘረጋ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የፊት ክንፎቿ ግራጫና ቡናማ ተቀላቅሎባቸው፣ በክንፉ ሥሮች ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች ተጠላልፈውባቸው የተተወ የሸረሪት ድር ያስመስሏቸዋል። የኋላ ክንፎቿ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስና ነጭ ናቸው። ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ ናት ብዬ ጠረጠርሁ፤ በጥጥ አምራቾች ዘንድ የግብፅ የጥጥ ቅጠል ትል የምትባለው።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሊቶራሊስ እስያ ውስጥ መንታ የምትመስል እህት አለቻት፤ ሊቱራ ትባላለች። ሁለቱን በክንፍ መለየት ያስቸግራል። ብዙ ባልደረቦቼ «አፍሪካ ውስጥ ከተያዘች ሊቶራሊስ ናት» ብለው ያልፋሉ። ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ የስርጭት ካርታ የሚሠራው ከመለየት ነው፣ መለየቱን ከካርታው ከወሰድነው ውሻ ጭራውን ሲያሳድድ ይውላል። ስለዚህ የአንዱን ወንድ የሆድ ጫፍ በፖታሽ ቀቅዬ፣ ሥጋው ሲሟሟ የቀረውን ጠንካራ የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር አየሁት። በመካከሉ ያለችው ትንሽ ሳህን ቅርጿ በሁለቱ ዝርያዎች ይለያያል። የሊቶራሊስ ነበረች።

ስሟ ራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቧዱቫል እ.ኤ.አ. በ1833 የማዳጋስካርንና የአጎራባች ደሴቶችን ነፍሳት ሲገልጽ ነው ይህን ስም ያወጣላት፤ ቃሉ ላቲን ሲሆን «የባሕር ዳርቻ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው አፍሪካ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ ተመዝግባለች። እኛም ዘንድ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ትታወቃለች። በዚያ ሸለቆ ያለችው መልካ ወረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 740 ሜትር ነው፤ ሙቀቱ ለእርሷ ድግስ ነው። የእማማ ቆስጣ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የበቀለ፣ ከማንኛውም ባሕር የራቀ ቆስጣ ነው። «የባሕር ዳርቻ» የተባለች ፍጥረት ግንፍሌ ዳር ምን ትሠራለች?

መልሱ ወደ ሜዲትራኒያን ሲሻገሩ ይገኛል። እዚያ ስሟ እውነት ይሆናል። ሰሜናዊ ወሰኗ የክረምት ውርጭ ብዙ ጊዜ የማይደርስበት ደቡባዊ ጠረፍ ነው፤ ደቡብ ስፔን፣ ሲሲሊ፣ ማልታ፣ ግሪክ፣ ቆጵሮስ። ከዚያ ወደ ሰሜን ብቅ የምትለው ሰው ሲያጓጉዛት ነው፤ ወደ እንግሊዝ በአበባ ቁርጥራጭ ገብታ በመስታወት ቤቶች ውስጥ ከተራባች በኋላ ተለቅማ ጠፍታለች። የሚያቆማት ውርጭ ነው፤ ባሕሩ ለእርሷ ያለው ጥቅም አየሩን ማሞቁ ብቻ ነው። ይህን ወደ እኛ ምድር ስናመጣው ዳርቻዋ ቆሞ ይገኛል። ከአዋሽ ሸለቆ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው ዳገት የእርሷ ጠረፍ ነው። አያቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው የከፈሉት አገር ይህችን የእሳት እራት ለመረዳት በአገር ወሰን ከተቀባ ካርታ ሁሉ ይሻላል።

የጉዳዩ ሁለተኛ ክፍል የተጀመረው ከዚህ ነው። የአካባቢውን አገሮች የነፍሳት ስርጭት የሚያጠናቅሩ ሰዎች ቅጽ ላኩልኝ። ሦስት ዓምድ አለው፦ ዝርያ፣ አገር፣ ሁኔታ። በሁኔታ ሥር የሚፈቀደው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ አስቀድመው «አለ» ብለው ሞልተውታል፤ ከእኔ የሚፈለገው የአዲስ አበባውን መረጃ ጨምሬ መፈረም ነበር። ከቅጹ ጋር የተላከው ካርታ አገሪቱን ከዳሎል እስከ ራስ ዳሸን አንድ ዓይነት ቀይ ቀብቷታል።

ከመፈረሜ በፊት «አለ» የተባለበትን ማስረጃ አንድ በአንድ ልይ አልሁ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ይህ ነው። ሰዎች አሰልቺ ይሉታል፤ እኔ ግን ከጠርሙሱ ይልቅ ወድጄዋለሁ።

የመጀመሪያው ወጥመድ አሮጌው ስም ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የአፍሪካዋም የእስያዋም በአንድነት ፕሮዴኒያ ሊቱራ ሲባሉ ኖረዋል። ስለዚህ በቀድሞ የእርሻ ጽሑፎች ውስጥ በዚህ ስም የተጻፈው የአፍሪካ መረጃ አብዛኛው የእኛዋ ናት። ይህን ያላወቀ አጠናቃሪ አንዷን ፍጥረት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ቅጹ ላይም ሊቱራ ለብቻዋ «አለ» ተብላ አግኝቻታለሁ።

ሁለተኛው ስማችን ነው። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ስክሌተር እ.ኤ.አ. በ1858 ዓለምን በወፎች ስርጭት ስድስት ክልል ሲከፍል ከአትላስ ተራሮች በስተደቡብ ያለውን አፍሪካ «የኢትዮጵያ ክልል» ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። «አፍሮትሮፒካዊ» የሚለው እንዲተካው በይፋ የተመከረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌ መጻሕፍት «ኢትዮጵያዊ» የተባለ ነፍሳት ከሴኔጋል ወይም ከደቡብ አፍሪካው ናታል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኩራቱ ደስ ይላል፤ ለመዝጋቢ ግን መከራ ነው። ቅጹ ከጠቀሳቸው ምንጮች አንዱ በዚህ ምክንያት ወደቀ።

ሦስተኛው ምጽዋ ናት። ወደ ደጋው የሚዘልቁ የአውሮፓ ተፈጥሮ ተመራማሪዎች በዚያ በር ነበር የሚያልፉት፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 እዚያው በትኩሳት ሞቷል። ከጠረፉ የተለቀመውም ከሰሜን ተራሮች የተለቀመውም «አቢሲኒያ» ተብሎ በአንድ ሣጥን ይገባ ነበር። ከተማዋን ጣሊያን በ1885 ያዛት፣ በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፣ በ1993 ነጻ አገር ሆነች፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የእሳት እራቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። መለያ ወረቀቱ ግን እንደ ዘመኑ አገር ይለዋውጣል፤ እኛም ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ሳይኖረን የጠረፍ ነፍሳት በስማችን ተመዝግበው ቀርተዋል።

ለዚህች ዝርያ ይህ ብዙ ለውጥ አላመጣም፤ ምክንያቱም በቆላችን መኖሯ በጥጥ እርሻዎቻችን የተረጋገጠ ነው። በእውነት ከጨው ዳርቻ ለማይርቅ ዝርያ ቢሆን ኖሮ ግን «ኢትዮጵያ፦ አለ» የሚለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ ሌላም አለ፦ የራሳችን የዓመተ ምሕረት አቆጣጠር። እዚሁ የተጻፉ መለያ ወረቀቶች «ዓ.ም.» ሳይባልባቸው ወደ ውጭ ሲሄዱ ነፍሳቱ በሰባትና በስምንት ዓመት ያረጃሉ።

ወረቀቱን ካጠራሁ በኋላ የቀረው ጥያቄ የመሐል አዲስ አበባው ነው። የሚያድጉ አባጨጓሬዎች ማግኘት ማለት ዝርያው እዚህ ይኖራል ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ የእጽዋት ጥበቃ ስምምነት ስምንተኛ መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2021 የተሻሻለው፣ የአንድ ተባይ ሁኔታ እንዴት እንደሚወሰን ይዘረዝራል። በዚያ ውስጥ «አለ» ራሱ ብዙ ልጆች አሉት፦ በስፋት አለ፣ በጥቂት ቦታ አለ፣ ጊዜያዊ ነው። ጊዜያዊ የሚባለው ተገኝቶ፣ ግን ጸንቶ ይራባል ተብሎ የማይጠበቀው ነው። ቅጹ ለዚህ ልጅ ቦታ አልነበረውም።

ስለዚህ በጋውን ሙሉ ተከታተልሁ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ አምፖል አበራሁ። ይህ ሙከራ ከሸፈ ብል ይሻላል፤ የኮሪደር ልማቱ በመንገዱ ዳር የደረደራቸው መብራቶች እያሉ የእኔን አምፖል ማን ያየዋል? የመጡት ሁለት ጢንዚዛዎችና የጎረቤት ድመት ናቸው። ከባዶ አንሶላ ተነሥቶ «የለም» ማለት አይቻልም።

የአበባ እርሻ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ የሴቷን ጠረን የሚመስል ማጥመጃ ሰጠኝና ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ጣሪያው ጥግ ሰቀልሁት። ጠረን ከመብራት ይልቅ ታማኝ ነው፤ ወንዱ በጨለማም ይሁን በመንገድ መብራት መካከል ይከተለዋል። ታኅሣሥ ባዶ። ጥር ባዶ። የካቲትና መጋቢት ባዶ። የእማማ ቆስጣም አቆጥቁጦ ያለ አንድ ቀዳዳ ተሸጠ። በመጋቢት፣ ያን በመስከረም ተበልቶ የነበረውን መደብ በሙሉ ቆፍሬ ያገኘሁት ሦስት ሙሽሬ ነው፤ ሦስቱም በእጅ ሲነኩ እንደ ደረቀ የባቄላ ገለባ ተሰነጠቁ። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ ወንድ ማጥመጃው ውስጥ ተጣብቆ አገኘሁ። ማጥመጃው የሌላ ዝርያ ዘመዶችንም ሊስብ ስለሚችል እርሱንም በፖታሽ ቀቀልሁት፤ ሊቶራሊስ ነው።

ይህ አንድ ወንድ ብዙ አሳሰበኝ። የእሳት እራቱ በአራት ሰዓት ውስጥ የሚበርረው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከአዋሽ ሸለቆ በርሮ ግንፍሌ ደረሰ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ከቅርብ ነው የመጣው፤ ከሌላ ግቢ፣ ከሌላ መደብ። ታዲያ እዚያስ እንዴት ደረሰ?

መንገዱን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ሳያውቁት። ቆስጣውን ራሳቸው ዘርተውታል። ከአጠገቡ የነበሩትን ቃሪያና ቲማቲም ግን በነሐሴ መጨረሻ ከመንገድ ዳር ችግኝ ነጋዴ ገዝተዋል። ነጋዴውን ሄጄ ስጠይቀው ችግኙ ከመቂና ከባቱ በኩል በአይሱዙ እንደሚመጣለት ነገረኝ። ባቱ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ሞቃት ናት፣ አትክልቷ ብዙ ነው። አንዲት ሴት የእሳት እራት በአንድ ጊዜ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ እንቁላል በቅጠል ሥር ደርድራ በሆዷ ፀጉር ትሸፍነዋለች። ይህን የያዘ ችግኝ ማታ ተጭኖ ጠዋት አራት ኪሎ ይደርሳል። እንግሊዝ በአበባ ቁርጥራጭ የገባችበት መንገድ ይኸው ነው፤ እዚያ ቁርጥራጩን ከ2 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ለ10 ቀን ያህል ማቆየት ሁሉንም እንደሚገድል ይታወቃል። እኛ ዘንድ ማን ነው የቃሪያ ችግኝ ለ10 ቀን ማቀዝቀዣ የሚያስገባ?

በሚያዝያ መጨረሻ ቅጹን ሞልቼ ላክሁ። ሊቱራን ሰረዝሁ። በኢትዮጵያ ፊት ለፊት የጻፍሁት እንዲህ ነው፦ «በቆላ፣ በተለይ በአዋሽ ሸለቆ፣ ነባር፤ በመሐል አዲስ አበባ ጊዜያዊ፣ በሞቃት ወራት ከችግኝ ጋር የምትገባ፣ በበጋው ብርድ የማትዘልቅ።» የመጣልኝ መልስ ጨዋነት ያለው ነበር፤ ለትጋቴ ተመስግኛለሁ፣ ጽሑፌ ወደ አስተያየት ዓምድ ተዛውሯል፣ በሁኔታ ሥር «አለ» ባለበት ቀጥሏል። ካርታውም ቀይ እንደሆነ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን አልደክምበትም ነበር። ሊቶራሊስ በአውሮፓና በሜዲትራኒያን የእጽዋት ጥበቃ ድርጅት ኤ-2 ዝርዝር ውስጥ ናት፤ በዚያ ክልል በከፊል የምትገኝ፣ ወደ ሌላው እንዳትዛመት ቁጥጥር የሚደረግባት ማለት ነው። አበባ ወደ አውሮፓ የሚልክ አገር ካርታው በሙሉ ሲቀላ ሆለታም ቆቃም በአንድ ዓይን ይታያሉ። ከሰዓታት ክርክር በኋላ ግን ያ የአበባ እርሻ ጓደኛዬ አንድ ነገር አስታወሰኝና አፌን አስያዘኝ። ሆለታ ብርዳማ ናት፤ ጽጌረዳው የሚያድግበት የፕላስቲክ ቤት ግን በውስጡ ቆላ ነው። አንድ የፕላስቲክ ጣሪያ የሰባት መቶ ሜትር ዳገትን ያህል ሙቀት ይተካል ያለው ቀልዱን ይሁን ቁም ነገሩን አልለየሁም፤ በማስታወሻዬ ላይ ግን «ጊዜያዊ» ከሚለው ጎን «በሜዳ ላይ» ብዬ ጨምሬአለሁ።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ሁለተኛ ሳምንት እማማ እንደገና በሬን አንኳኩ። በዚህ ጊዜ የክብሪት ሣጥን ነበር የያዙት። ውስጡ ከቃሪያ ችግኝ የተቀደደ ቅጠል አለ፤ በቅጠሉ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቡናማ ፀጉር የለበሰች ክምር ተጣብቃለች፤ ከአሮጌ በርኖስ የተቆረጠች እራፊ ትመስላለች። ችግኙ ገና ከፌስታሉ አልወጣም፣ መሬትም አልነካም። «ሳልተክለው ገልብጬ አየሁት» አሉ። በአጉሊ መነጽር ሥር ፀጉሩን በመርፌ ስገልጠው እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም ነበር። ከመካከላቸው ያሳደግኋቸው ዘንድሮም ጥቁር ግማሽ ጨረቃ አወጡ።

መለያ ወረቀቱን የጻፍሁት እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ነው፦ «አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ከባቱ በኩል በመጣ ያልተተከለ የቃሪያ ችግኝ ላይ፣ እንቁላል።» አንብቤላቸው ስጨርስ ከታች የሰብሳቢ ስም የሚጻፍበት ባዶ መስመር መኖሩን አዩና ማን እንደሚጻፍበት ጠየቁኝ። ያገኘው ሰው ነው አልኋቸው። ስማቸውን እስከነአባታቸው አስጻፉኝ፤ እዚህ አላወጣውም፣ ወረቀቱ ላይ ግን አለ።